መጽሐፉ ይቅርታ ጠይቆ ሲጀምር

እዚህ አገር መጽሐፍ ገና ወሬውን ሳይጀምር ይቅርታ ይጠይቃል። የልጅ ልጄ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ተሸክማ መጣች፤ “ያንግ አደልት” የሚሉት፣ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የሚጻፈው ዓይነት ነው። መነጽሬን ፈላልጌ (ግንባሬ ላይ ነበር) ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ታሪክ የለም። ምስጋናም አይደለም፣ መታሰቢያም አይደለም። ዝርዝር ነው። ሞት አለበት፤ ሐዘን አለበት፤ የሚጠጣ ወላጅ አለበት፤ ደም አለበት፤ የታመመ ውሻ አለበት። ውሻው እንደሚድን ደግሞ በቅንፍ ተረጋግጧል። እንግዲህ ሁሉን ነግረውኝ ካበቁ በኋላ የቀረውን አራት መቶ ገጽ በምን አንጀቴ ልግፋው?

“አባባ፣ እሱን ገጽ እለፈው” አለችኝ። (እርስዎ ማለት አልለመደችም፤ በእሱ ሌላ ቀን አጉረመርማለሁ።) “ማንም አያነበውም።”

ማንም የማያነበውን ገጽ ታዲያ ለማን ብለው ጻፉት? ይኼን ጮክ ብዬ ስጠይቅ እናቷ “አባዬ፣ ደግሞ ጀመሩ” አለችኝ። አዎ፣ ጀመርኩ። ዕድሜ ልኬን አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ለወጣ መምህር የሚቀረው ሥራ ጉልበቱን ማሸትና ማጉረምረም ነው፤ ጉልበቴን ጠዋት አሽቻለሁ።

እኔ ዳዊት ደግሜ ያደግሁ ነኝ። ዳዊት የደገመ ልጅ መዝሙር 136 መጨረሻው ላይ ለባቢሎን ሕፃናት ምን እንደሚመኝላቸው ያውቃል። ሚያዝያ 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ገድል ሲነበብ ከእናቴ ነጠላ ሥር ተሸጉጬ እሰማ ነበር። ሰማዕቱ ይቃጠላል፣ ይፈጫል፣ ዐመዱ በደብረ ይድራስ ላይ ይበተናል፣ ተነሥቶ ይመጣል፣ እንደገና ይጀምሩታል። “ልጁ ይረበሽ ይሆን?” ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ከዚያ የጠበል ጠዲቁን ዳቦ በልተን እንተኛለን። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር ከነበረ የየኔታ አለንጋ ነው፤ እሱም የሚያስጠነቅቀው የሚያንቀላፋውን ነው። ልጅነታችን ገነት ነበር ማለቴ አይደለም፤ አለንጋው ያማል።

ደግሞ ይኼ የአሜሪካ የወጣቶች መጽሐፍ ሲወለድ እንዲህ ድንጉጥ አልነበረም። ቢያንስ ጸሐፊዎቹ አልነበሩም፤ ድንጋጤው የሚወጣው ከአሳታሚው ቢሮ ነው። ኤስ ኢ ሂንተን የምትባል የተልሳ፣ ኦክላሆማ ልጅ የሰፈር ጎረምሶችን ጠብና ሞት “ዘ አውትሳይደርስ” ብላ ስትጽፍ ራሷ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም ዕድሜዋ 18 ነው። አሳታሚዎቹ ስሟን በሁለት ፊደል አሳጠሩት፣ የወንዶችን ጠብ ሴት ልጅ ጻፈችው ከተባለ ሐያሲዎች ያጣጥሉታል ብለው። ሮበርት ኮርሚየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን “ዘ ቾኮሌት ዎር” ይዞ ሲዞር መጨረሻውን ለውጥልን ያሉት አሳታሚዎች ነበሩ። ምክንያቱም ልጁ ጉልበተኞቹን አያሸንፍም፤ ተደብድቦ ይወድቃል፣ አለቀ። ትምህርት ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነው ለውጥ ያሉት። እምቢ አለ፤ እምቢ በማለቱም እስከ ዛሬ ይነበባል።

ጁዲ ብሉምን ግን ሳስብ ራሴን ያመኛል። እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አንዲት ልጅና ስለ ወር አበባዋ የሚያወራውን መጽሐፏን ሦስት ቅጂ ለልጆቿ ትምህርት ቤት በስጦታ ሰጠች። ርእሰ መምህሩ ወንድ ነበሩ፤ መደርደሪያው ላይ አላስቀምጥም አሉ። በአዳራሾቻቸው ከሚሯሯጡት ልጆች መካከል ነገሩ የደረሰባቸው እንዳሉ ማንም አልነገራቸውም መሰለኝ። ይሁን፣ ርእሰ መምህር ነው፤ እኔም ስንቱን ርእሰ መምህር አሳልፌአለሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 የመጣው ግን ከራሷ ሰው ነው። “ታይገር አይስ” አባቷ ሱቁ ውስጥ በጥይት የተገደለባት ልጅ ታሪክ ነው። የሚወዳትና የሚያከብራት አርታኢ ረቂቁን አነበበና ልጅቱ ለብቻዋ ሆና ስለ ገላዋ የምትናገርበትን አጭር ክፍል ብታወጪው መጽሐፉ ብዙ አንባቢ ጋ ይደርሳል አላት። ቅር እያላት አወጣችው። አሁን ልብ በሉ፤ ግድያው አልወጣም። የአባቷ ደም መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ ነው። ጥይት ለልጅ ይሆናል፣ የልጅቷ የራሷ ገላ ግን ለልጅቷ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ሳቄን ያመጣውና ከሳቄም በኋላ እንቅልፌን የነሣኝ የሬይ ብራድበሪ ጉዳይ ነው። “ፋረንሃይት 451” ምን እንደሆነ ላላነበበ ልንገር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት ማጥፋቱን ትተው መጽሐፍ የሚያቃጥሉበት አገር ታሪክ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በ1967 አሳታሚው ባለንታይን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን የተለየ እትም አወጣ። መጽሐፍ ስለ ማቃጠል የተጻፈውን መጽሐፍ ወስደው፣ ደራሲውን ሳያማክሩ፣ ክብሪት ሳይጭሩ በእርሳስ ጨረሱለት። ከ75 በላይ ቦታ ነካኩት። እርግማኑ ወጣ። ጽንስ ማስወረድ የሚለው ወጣ። ሰካራሙ ሰውዬ በሽተኛ ሆነ። ከእምብርት ጉድፍ የሚያወጣው ሰውዬ ጆሮ እንዲያጸዳ ተደረገ።

እስቲ ፈጣሪ ያሳያችሁ፤ አንድ የተማረ ሰው፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ጠዋት ቡናውን ጠጥቶ ቢሮ ይገባና “እምብርት” የሚለውን አይቶ ይደነግጣል። ያስባል። ጣሪያ ያያል። ቀጥሎ “ጆሮ!” ብሎ ይጽፍና የአሜሪካን ወጣት ከጥፋት አድኖ ምሳውን ለመብላት ይወጣል። እምብርት የሌለው ተማሪ የትኛው ክፍለ ሀገር ነው ያለው?

መጀመሪያ ሁለቱ እትሞች ጎን ለጎን ይሸጡ ነበር። ከ1973 ጀምሮ ግን የሚታተመው የተነካካው ብቻ ሆነ፤ ለትልቁም ለትንሹም፤ ሽፋኑም ትንፍሽ አይልም። ብራድበሪ የሰማው በ1979 ነው። ደሙ ፈላ፣ መጽሐፉን እንደነበረው አስመለሰ፣ ንዴቱንም ጽፎ ከመጨረሻው ገጽ በኋላ አስገባበት። በእነዚያ ዓመታት መጽሐፉን ያስተማሩት መምህራን ምን እንደሚያስተምሩ አላወቁም። ሙያዬ ስለሆነ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ያመመኝ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ “ልጆች፣ መጽሐፍ የሚነካ መንግሥት እንዲህ ያለ ነው” እያለ የተነካ መጽሐፍ በእጁ ይዟል።

የኛ ቆራጮች ቢያንስ ወንበርና ማኅተም ነበራቸው። የአቤ ጉበኛ “አልወለድም”፣ ጽንሱ በማኅፀን ሆኖ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ የሚሟገትበት፣ በጃንሆይ ጊዜ ሲታገድ ማን እንዳገደው ይታወቃል። “ኦሮማይ” በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ሲለቀም ማን እንዳስለቀመው አገር ያውቃል። ደራሲው በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እዚህ ላይ አልቀልድም። የምለው ግን የታገደ መጽሐፍ መታገዱ ይወራ ነበር፤ ከተወራ ደግሞ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ሌሊቱን ተነቦ ጠዋት ለሌላ ይተላለፋል። እዚህ አገር አሳታሚው ቢሮ ውስጥ ግን የሚከለክል ሰው የለም። አርታኢዋ ፈገግ ትልና “እስቲ እናስብበት” ትላለች፤ ያ መጽሐፍ እንደነበረ እንኳ ማንም ሳያውቅ ይቀራል። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው አሳታሚ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ደግሞ “ሴንሲቲቪቲ ሪደር” የሚባል ሙያ ተፈጥሯል። ረቂቁ ሳይታተም አንብቦ ማን ቅር ሊለው እንደሚችል የሚናገር ተከፋይ ነው። ሥራውን አልጠላሁትም፤ ስለማያውቀው ሕዝብ የሚጽፍ ሰው ለሚያውቅ ቢያሳይ ምን ነውር አለው? ስለ እኛ ሲጻፍ ዶሮ ወጥን በማንኪያ የሚበሉ ገጸ ባሕርያት አይቻለሁና አንድ ሐበሻ ቢጠይቁ ደስ ባለኝ። ነገሩ የከፋው ፍርሃቱ ከሙያው ሲያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ አሜሊ ዌን ዣዎ የምትባል በቤጂንግ ያደገች ወጣት “ብለድ ኤር” የተባለ የመጀመሪያ መጽሐፏ ገበያ ሳይደርስ፣ የባርነቱ ታሪክ የጥቁር አሜሪካውያንን ቁስል ያቃልላል ተብሎ ጩኸት ተነሣባት። እሷ የጻፈችው በእስያ ያለውን የሰው ንግድ አስባ ነበር። እንዳይወጣ ራሷ ጠየቀች፤ ቆይቶ አሻሽላ በዚያው ዓመት መጨረሻ አወጣችው። በወሩ ኮሶኮ ጃክሰን፣ ራሱ ለአሳታሚዎች ይኼንኑ የቅሬታ ንባብ ሲሠራ የኖረው ሰው፣ በኮሶቮ ጦርነት ላይ የጻፈው ልብ ወለድ ተወቅሶበት ከመታተም አስቀረው። ዘበኛውን ራሱን በር ላይ ያዙት።

በ2023 ደግሞ ስኮላስቲክ የተባለው ትልቁ የልጆች አሳታሚ የማጊ ቶኩዳ ሆልን ባለ ሥዕል መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶች በራሱ በኩል ሊያቀርብ ፈለገ። መጽሐፉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓናውያን አሜሪካውያን በታጎሩበት በአይዳሆው ሚኒዶካ ካምፕ ስለ ተዋደዱት አያቶቿ ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ ከማስታወሻዋ ላይ ዘረኝነት የሚለውን አውጪልን። እንግዲህ ሰዎቹ አይዳሆ የወረዱት ለሽርሽር ነው! ደራሲዋ እምቢ አለች፣ ደብዳቤውንም አደባባይ አወጣችው፣ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ መጠየቅ ይችሉበታል፤ ገና መጽሐፉ ሳይጀምር ይለማመዱበት የለ።

አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ይዘው ለዛሬ የወጣቶች አሳታሚ ቢልኩ ብዬ አስባለሁ። መልሱ ይታየኛል።

“ክቡር ሆይ፣ ረቂቅዎን በታላቅ ደስታ አንብበናል” (ሁልጊዜ በታላቅ ደስታ ነው የሚያነቡት)። “ጥቂት ሐሳቦች ብቻ አሉን። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ተቀጥሮ መዋደዳቸው የመምህርና የተማሪ ጉዳይ ስለሆነ አያስኬደንም፤ የጋራ ወዳጅ ሠርግ ላይ ቢገናኙስ? ወላጆቹ ሳይጠይቁት ለቤተ ክርስቲያን በስለት መስጠታቸው ወላጆችንም ቤተ ክርስቲያንንም ሊያስቀይም ይችላል። ካሳ ‘ጉዱ’ መባሉ በአእምሮ ጤና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ያሳስባል። ፊታውራሪ መሸሻ በትውልዳቸው መኩራታቸውን ወደድነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ቢማሩበትና ቢለወጡ። መጨረሻውን በሚመለከት፣ የምንወዳቸውን ሰዎች ሁሉ መቃብር ማስገባት ግድ ነውን? ወጣት አንባቢ ተስፋ ይሻል። ርእሱን ‘ፍቅር እስከ ምረቃ’ ብንለው ምን ይመስልዎታል?”

ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ትልቁም ትንሹም አለቀሰ። ልጆች ተነሥታችሁ ውጡ ያለ አባወራ አላየሁም፤ ዝም በሉ ያለ ግን ብዙ ነው።

አሳታሚዎቹን ፈሪ ማለት ለእኔ ቀላል ነው፣ ደመወዜ አይቆረጥም። ፍርሃቱም ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፔን አሜሪካ የተባለው የጸሐፊዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023-24 የትምህርት ዘመን ብቻ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች 10,046 የመጽሐፍ እገዳ መዝግቧል። አሳታሚው የሚሸጠው ለትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚፈራው ስብሰባ ላይ ማይክራፎን የሚነጥቀውን ወላጅ ነው፤ ወላጁ የሚፈራውን እኔ አላውቅም፣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ደግሞ ፔንግዊን ራንደም ሃውስ በ2023 ከፔን ጋር ሆኖ የፍሎሪዳውን ኤስካምቢያ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ፍርድ ቤት አቁሟል፤ ወንድነት ነው፣ ይመስገን። ግን ጠበቃ የሚቆመው ለታተመው ነው። ሳይታተም ለቀረው ማን ይቆምለታል? አቤ ጉበኛ ጽንሱን አልወለድም አስባለው፤ እዚህ አገር ረቂቁ ልወለድ እያለ ይጮሃል፣ ወደ ኋላ የምትለው አዋላጇ ናት።

የማን ረቂቅ አትሉኝም? የእኔ ነዋ።

የልጅ ልጄ እኩዮች ስለ አያቶቻቸው አገር አንድ ነገር ቢያነቡ ብዬ ልብ ወለድ ጻፍኩ፤ ልጄ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። የአዲስ አበባ ታሪክ ነው፣ 1970 ዓ.ም.፣ ቀይ ሽብር። አሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጅ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ይወጣል፤ መንገድ ዳር ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ ያያል፤ ጫማውን ያውቀዋል። የታላቅ ወንድሙ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው አንዳንዱ የፈጠራ ነው፤ እስከዚህ ያለውን ግን ለመፍጠር ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። ያኔ ወጣት መምህር ነበርኩ፤ ጠዋት ስም ስጠራ መልስ የማይሰጡ ልጆች ነበሩኝ።

አንድ ትንሽ አሳታሚ ተቀብሎ አነበበው። ስሙን አልናገርም። አርታኢዋ በኮምፒውተር መስኮት ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ የልጄ እኩያ። በታላቅ ደስታ አንብባዋለች። ልጁ ሬሳውን ከሚያይ ቢሰማ አይሻልም ወይ አለችኝ። የሚያማክረው አዋቂ ሰው ቢኖረው አለችኝ። በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አማካሪ! ለወታደሮቹ ነው ወይስ ለልጁ? ቤተሰቡ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀበትን ገጽ ደግሞ አንባቢ ማጋነን ይመስለዋል አለች። እኔም ማጋነን ቢሆን ምንኛ በወደድኩ። በመጨረሻ፣ አስባ አስባ፣ “ምናልባት ይኼ ታሪክ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ አይመጥን ይሆናል” አለችኝ።

“የኔ ልጅ” አልኳት፣ “ያኔ የገደሉት ሰዎች መታወቂያ አይተው ‘ይኼ ገና አሥራ አራቱ ነው፣ አይመጥነውም’ ብለው አልመለሱትም።”

ዝም አለች። ደንግጣ ይሁን ኢንተርኔቱ ቆሞ እስካሁን አልለየልኝም፤ ፊቷ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ፣ ጨዋ ደብዳቤ፤ መጽሐፉ ትክክለኛ ቤቱን እንደሚያገኝ እርግጠኞች ናቸው፣ ቤቱ የእነሱ አይደለም እንጂ።

የልጅ ልጄ ረቂቁን ከእናቷ ኮምፒውተር ላይ አውጥታ አንብባው ኖሯል፤ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ማስጠንቀቂያም ሳይጻፍበት። አንድ ቅዳሜ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷን አየሁ፤ ትረበሽ ይሆን፣ ታለቅስ ይሆን፣ አርታኢዋ ልክ ትሆን ይሆን እያልኩ ሻዬን አማሰልኩ፣ ስኳር የከለከሉኝን ሻይ።

“ልጁ ዳቦውን ይዞ ቤት ሲገባና ለእናቱ ምን እንደሚላት ሲጨንቀው ያለው በጣም ጥሩ ነው” አለችኝ። “እሱን እንዳትነካው።”

“እሺ።”

“ጫማው ላይ ግን ተጣደፍክ። ጫማውን ሲያውቀው ቀስ በል።”

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የጠየቀችው እንዲጨመር ነው!

“ምዕራፍ ሰባትን ደግሞ አውጣው።”

ምዕራፍ ሰባት አያትየው እሳት ዳር ተቀምጠው ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ዘመንና ስለ አገር የሚናገሩበት ነው። ሌሊት ሌሊት ተነሥቼ ነው የጻፍኩት። የመጽሐፉ አጥንት ነው።

“አጥንቱን?” አልኳት።

“ሽማግሌው ዝም ብሎ ያጉረመርማል፣ አባባ። ሃያ ሁለት ገጽ። ልጁ ወንድሙ ሞቶበት እሱ ተረት ይተርትበታል። እኔ ብሆን ተነሥቼ እሄድ ነበር።”

ስለ ወጣት አንባቢ ደካማ መንፈስ፣ ስለ ዘመኑ የትዕግሥት እጦት፣ ሽማግሌን ስላለማክበር ረዘም ያለ መልስ ሰጠኋት። ተነሥታ ሄደች። ምዕራፍ ሰባት እንዳለ ይቆያል።